የሲታክ 15 ዶላር፦ የኤርፖርት ደመወዝ እንዴት ወረደ፣ እንዴትስ ተመለሰ?

የጉዳይ ጥናት

በአሜሪካ ዋሽንግተን ስቴት፣ ከሲያትል በስተደቡብ ወደ ታኮማ ሲወርዱ ሲታክ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ይህ ታሪክ በሆነበት ጊዜ ሕዝቧ 27,000 ገደማ ነበር። ስሟ የመጣው መሐሏ ላይ ከተዘረጋው የሲያትል-ታኮማ ዓለም አቀፍ ኤርፖርት ነው። ከኢትዮጵያ፣ ከሶማሊያ ወይም ከኤርትራ መጥቶ ዋሽንግተን ስቴት የገባ ሰው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያ ሥራውን የሚያገኘው እዚሁ ነው፤ ዊልቸር ይገፋል፣ ሻንጣ ይጭናል፣ የአውሮፕላን ወንበር ያጸዳል፣ የኪራይ መኪና ያጥባል፣ ሆቴል ውስጥ አልጋ ያነጥፋል።

በ2013 (በዚህ ጽሑፍ ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) የእነዚህ ሰዎች ደመወዝ አብዛኛውን ጊዜ ከስቴቱ ወለል፣ ማለትም አሠሪ ከዚያ በታች መክፈል ከማይችልበት ዝቅተኛ ደመወዝ፣ ብዙም አይርቅም ነበር። ወለሉ በሰዓት 9.19 ዶላር ነበር። በሳምንት 40 ሰዓት የሠራ ሰው የሁለት ሳምንት ቼክ 735.20 ዶላር ይሆናል። ከዚህ ላይ ለሶሻል ሴኩሪቲ (ለመንግሥት ጡረታ) 45.58፣ ለሜዲኬር (ለአረጋውያን የጤና መድን) 10.66 ይቆረጣል። 678.96 ይቀራል፤ የፌዴራል ታክስ ገና አልተነካም። ዋሽንግተን የስቴት የገቢ ታክስ ስለሌላት እዚያ ያለው ሠራተኛ በዚህ እንኳ ይሻላል። አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳይቀር ቢሠራ ጠቅላላው 19,115.20 ዶላር ነው። በዚህ ገንዘብ ቤት ኪራይ ከፍሎ፣ ልጅ አሳድጎ፣ አገር ቤት ላሉት ልኮ የሚተርፈው ሰው የለም። ስለዚህ ሁለተኛ ሥራ ይያዛል፤ ከኤርፖርት የሌሊት ሺፍት ወጥቶ በቀጥታ ሌላ ቦታ ይገባል።

9.19 ዶላር በዚያ ዓመት ከአሜሪካ ስቴቶች ሁሉ ከፍተኛው ወለል እንደነበረ ልብ ይሏል። የፌዴራሉ ወለል 7.25 ነው፤ ከጁላይ 2009 ጀምሮ ከዚያ ፈቀቅ አላለም። በ1968 የፌዴራሉ ወለል 1.60 ዶላር ሲሆን በ2013 ዋጋ ሲሰላ 10.70 ገደማ ይመጣል። ከአርባ አምስት ዓመት በኋላ የአገሪቱ ከፍተኛ የስቴት ወለል እንኳ የ1968ቱን የመግዛት አቅም አልደረሰም ማለት ነው።

ደመወዙ የወረደበት መንገድ

ሻንጣ መጫን ሁልጊዜ የድሃ ሥራ አልነበረም። በሲታክ ትልቁ አየር መንገድ አላስካ ነው። እስከ 2005 ድረስ የአላስካን ሻንጣ የሚጭኑት የራሱ ቅጥር ሠራተኞች ነበሩ፤ ማኅበር ነበራቸው፣ የጤና መድን ነበራቸው፣ በነፃ የመብረር መብትም ነበራቸው፤ ደመወዛቸው በሰዓት ከ13 ዶላር በላይ ነበር። በሜይ 2005 ኩባንያው ወደ 500 የሚጠጉ ሻንጣ ጫኞችን አሰናብቶ ሥራውን መንዚስ ለተባለ ተቋራጭ ሰጠ። አዲሶቹ ሠራተኞች በ9 ዶላር ገደማ ጀመሩ። ሻንጣው አልቀለለም፤ አውሮፕላኑም ያው ነው። የ737 ሆድ ውስጥ ሰው ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ እስከ 50 ፓውንድ ማለትም 23 ኪሎ የሚመዝን ሻንጣ ከቀበቶው ላይ እየተቀበለ ወደ ጥጉ ይደረድራል። አንዱ አውሮፕላን ሲሄድ ሌላው ይመጣል፤ ዝናቡም ብርዱም አለ።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር 26 የሆነውን ማንሳት ተገቢ ነው። ከሲያትል ወደ በርባንክ የተነሳ የአላስካ አውሮፕላን 26,000 ጫማ ገደማ ላይ ሳለ ጎኑ ተቀደደና አየሩ ወጣ። አብራሪዎቹ በፍጥነት ዝቅ ብለው ወደ ሲያትል መለሱት፤ 140 ተሳፋሪዎች ነበሩበት፣ የተጎዳ ሰው አልነበረም። ምርመራው እንዳሳየው ከመነሳቱ በፊት የመሬት ተሽከርካሪ አውሮፕላኑን ገጭቶት ነበር፤ የገጨው ሠራተኛም ወዲያው አላሳወቀም። አንድን አደጋ በደመወዝ ብቻ ማመካኘት አይቻልም። ሆኖም ሠራተኛ በየጥቂት ወሩ በሚቀያየርበት ቦታ ልምድ አይጠራቀምም፤ ስህተቱን የሚናገርም ሰው ከሥራ እባረራለሁ ብሎ ይፈራል። በዚህ መስክ ያለ ሁሉ ይህን ያውቃል።

ዋናው ነገር ጨረታው ነው። ከ1978 በፊት የአየር ትኬትን ዋጋና መስመር የሚወስነው የፌዴራል መንግሥት ነበር። በዚያ ዓመት ቁጥጥሩ ሲነሳ አየር መንገዶች በዋጋ መፎካከር ጀመሩ። ነዳጅና አውሮፕላን ለሁሉም ተቀራራቢ ዋጋ ነው፤ የሚጨመቀው የሰው ጉልበት ሆነ። አየር መንገዱ ጽዳቱን፣ ሻንጣውን፣ ዊልቸሩን ለየብቻ ለጨረታ ያወጣል። አካል ጉዳተኛን በዊልቸር መርዳት በሕግ የአየር መንገዱ ግዴታ ነው፣ ተሳፋሪውም ምንም አይከፍልም፤ ያም ሆኖ ገፊው የአየር መንገዱ ሠራተኛ አይደለም።

አሁን ተቋራጩ ወንበር ላይ ተቀምጠን እናስላ። 100 ሠራተኛ የሚፈልግ ሥራ አለ እንበል። እያንዳንዱ በዓመት 2,080 ሰዓት ይሠራል። በሰዓት አንድ ዶላር ብቻ ቢጨምር 208,000 ዶላር ነው፤ አሠሪው በበኩሉ የሚከፍለው 7.65 በመቶ የደመወዝ ታክስ ሲታከልበት 223,912 ይሆናል። ተወዳዳሪው ያንን አንድ ዶላር ካልጨመረ ጨረታውን ይወስዳል። ስለዚህ ቸር አሠሪ ቢኖር እንኳ ቸርነቱ ሥራውን ያሳጣዋል። ተቋራጩ ሲቀየር ደግሞ ሠራተኛው አዲስ ማመልከቻ ሞልቶ ከዜሮ ይጀምራል፤ አምስት ዓመት የሠራውም ትናንት የመጣውም አንድ ይሆናሉ። ማኅበር ለማቋቋም ብትደክም፣ ያቋቋምክበት ኩባንያ በሚቀጥለው ጨረታ ይወድቅና ድካምህ አብሮ ይወድቃል። በ2013 በአሜሪካ የግል ድርጅቶች ውስጥ የማኅበር አባል የነበረው ሠራተኛ 6.7 በመቶ ብቻ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ደመወዙ ዝቅ ያለው ሥራው ዋጋ ቢስ ሆኖ፣ ወይም ሠራተኛው እንግሊዝኛ ስለማይችል አልነበረም። ጨረታው ላይ የሚፎካከሩበት ነገር ደመወዙ ራሱ ስለሆነ ነው። ይህን የተረዱ ሰዎች መፍትሔውን ከአንድ ኩባንያ ጋር ከመደራደር ይልቅ ለሁሉም ተጫራች እኩል የሚሆን ወለል በማስቀመጥ ፈለጉት።

ሕጉ ምን ይላል

የአገልግሎት ሠራተኞች ማኅበርና ሌሎች ማኅበራት ከአካባቢው የሃይማኖትና የማኅበረሰብ ቡድኖች ጋር ሆነው ለሲታክ ከተማ ያቀረቡት ሕግ ፕሮፖዚሽን 1 ይባላል። ብዙ ሰው የሚያውቀው 15 ዶላሩን ብቻ ነው። ሌሎቹ አንቀጾች ግን ከዚያ አይተናነሱም።

ወለሉ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2014 ጀምሮ በሰዓት 15 ዶላር ሆኖ በየዓመቱ በዋጋ ንረት ልክ ይጨምራል። የፌዴራሉ ሕግ የጎደለው ይህ ነው፤ ጭማሪ ለማግኘት በየጊዜው ኮንግረስ ደጅ መጥናት አያስፈልግም። ለ40 ሰዓት ሥራ አንድ ሰዓት የሚከፈልበት የሕመም ፈቃድ ይጠራቀማል፤ ሙሉ ሰዓት የሠራ ሰው በዓመት 52 ሰዓት ያገኛል። ያልተጠቀመበት በዓመቱ መጨረሻ በገንዘብ ይከፈለዋል፤ በ15 ዶላር 780 ዶላር ነው። የአገልግሎት ክፍያ ተብሎ ከደንበኛ የተሰበሰበ ገንዘብና ጉርሻ ለሠራተኛው ይደርሳል። ተቋራጭ ሲቀየር አዲሱ የቀድሞውን ሠራተኞች ቢያንስ ለ90 ቀን ማቆየት አለበት። አሠሪው አዲስ ፓርት ታይም ከመቅጠሩ በፊት ተጨማሪውን ሰዓት ላሉት ሠራተኞች ማቅረብ አለበት። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በሳምንት 22 ሰዓት ለሚሰጠው ሰው ግን ከጭማሪው እኩል ዋጋ አለው፤ 15 ዶላር በ22 ሰዓት ሲባዛ 330 ነው፣ 9.19 በ40 ሰዓት ደግሞ 367.60። ሰዓቱ ካልተጠበቀ ጭማሪው ተመልሶ ይሄዳል።

ሕጉ ሁሉንም አይነካም። ሆቴል ከሆነ 100 ክፍልና 30 ሠራተኛ ሊኖረው ይገባል። ኤርፖርት ውስጥ ያለ ምግብ ቤት ወይም ሱቅ ከአለቆች ውጪ 10 ሠራተኛ፤ የመኪና ማቆሚያ ከ100 በላይ ቦታና 25 ሠራተኛ፤ የኪራይ መኪና ድርጅት ከ100 በላይ መኪናና 25 ሠራተኛ። አየር መንገድ በራሱ ቅጥር ሠራተኛ የራሱን ሥራ ሲሠራ አይነካም። የማኅበር ስምምነት ያለበት ቦታ ደግሞ ሁለቱ ወገኖች በጽሑፍ ከተስማሙ የሕጉን ግዴታ መተው ይችላሉ። ይህ አንቀጽ ብዙ አከራክሯል። ለጤና መድን ወይም ለጡረታ ሲባል ከወለሉ በታች መስማማት አንዳንዴ ያዋጣል፤ ነገር ግን ሠራተኛው ምን እንደተወና ምን እንደተቀበለ በቁጥር ሳያይ ድምፅ መስጠት የለበትም።

በ77 ድምፅ

ሕጉን ወደ ምርጫ ለማድረስ 1,500 ያህል የነዋሪዎች ትክክለኛ ፊርማ ያስፈልግ ነበር። የተሰበሰበው ከዚያ ይበልጣል፤ ግን አንዳንዱ ሰው ሁለት ጊዜ ፈርሟል። ተቃዋሚዎቹ አሮጌ ሕግ መዘዙ፤ ሁለት ጊዜ የፈረመ ሰው ሁለተኛው ብቻ ሳይሆን የመጀመሪያው ፊርማውም ይሰረዛል የሚል። የታችኛው ፍርድ ቤት ተቀበላቸውና ቁጥሩ ከሚፈለገው በታች ወረደ። በሴፕቴምበር 2013 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ይህን ሽሮ አንዱ ፊርማ ይቆጠራል አለ። የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ሊታተም ሲል የተገኘ ፍርድ ነው። ፊርማ የሚሰበስብ ሰው እያንዳንዱን ስም ከመራጮች መዝገብ ጋር ማመሳከርና ከሚፈለገው ብዙ አስበልጦ መያዝ ያለበት ለዚህ ነው።

ቅስቀሳው ትንሽ ከተማ ላይ ሁለቱም ወገን ብዙ ገንዘብ ያፈሰሰበት ነበር። ወሳኙ ሥራ ግን በእግር የተሠራው ነው። ቤት ለቤት እየዞሩ፣ ዜግነት ያገኘ ነገር ግን ያልተመዘገበ ሰው ካለ መመዝገብ፣ ከዚያም በፖስታ የመጣለትን ወረቀት ሞልቶ መፈረሙንና በጊዜ መላኩን ማረጋገጥ። ዋሽንግተን ላይ ምርጫ በፖስታ ነው፤ ፖስታው ጀርባ ላይ ያለው ፊርማ ከተመዘገበው ጋር ካልተመሳሰለ ድምፁ ሳይቆጠር ይቆያል። ስሙን በሌላ ፊደል መጻፍ የለመደ ሰው ፊርማው ከቀን ቀን ስለሚለያይ፣ ከምርጫ ቢሮ የሚመጣውን ደብዳቤ እንዳይጥለው መንገር ያስፈልግ ነበር።

ምርጫው ኖቬምበር 5 ተካሄደ። በዚያ ቀን ማኅተም የተመታበት ፖስታ ሁሉ ስለሚቆጠር ውጤቱ ሳምንታት ፈጀ። በመጨረሻ 3,040 ደገፉ፣ 2,963 ተቃወሙ። ልዩነቱ 77 ነው። ተቃዋሚዎች በጠየቁት መሠረት በእጅ እንደገና ተቆጠረ፤ 77ቱ ጸና።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። አላስካ አየር መንገድና የምግብ ቤቶች ማኅበር ከሌሎች ጋር ሆነው ከሰሱ። ዲሴምበር 27፣ ሕጉ ሊጸና አምስት ቀን ሲቀረው፣ ሲታክ የምትገኝበት የኪንግ ካውንቲ ዳኛ ሕጉ ኤርፖርት ውስጥ አይሠራም ብለው ፈረዱ፤ ኤርፖርቱ የሚተዳደረው በሲያትል ወደብ ባለሥልጣን ነው፣ የከተማዋ ሥልጣን አይደርስበትም በሚል። 15 ዶላሩ ጃንዋሪ 1 ሲጀመር ያገኙት ከኤርፖርቱ ውጪ ያሉ 1,600 ያህል የሆቴልና የመኪና ማቆሚያ ሠራተኞች ናቸው። ግቢው ውስጥ ያሉት 4,700 ያህሉ ቀሩ። ኢንተርናሽናል ቡሌቫርድ ላይ ሻንጣህን ከቫን የሚያወርድልህ ሰው 15 ይከፈለዋል፤ መንገዱን ተሻግሮ ያንኑ ሻንጣ አውሮፕላን ላይ የሚጭነው የሕግ መብቱ 9.32 ነው። ባል በአንዱ፣ ሚስት በሌላው በኩል የሠሩበት ቤት ነበር።

ሃያ ወር ገደማ እንዲህ ቆየ። ኦገስት 20 ቀን 2015 የዋሽንግተን ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ የታችኛውን ፍርድ ሻረ፤ ሕጉ የኤርፖርቱን ሥራ እስካላወከ ድረስ ግቢው ውስጥም ይሠራል አለ። ፍርዱ ወደ ኋላ ስለሚሄድ ያልተከፈለው ልዩነት ከጃንዋሪ 2014 ጀምሮ ዕዳ ሆነ። በስቴቱ ወለል ሙሉ ሰዓት ለሠራ ሰው የ2014 ብቻ ስሌቱ ይህ ነው፦ ከ15 ላይ 9.32 ሲቀነስ 5.68፤ በ2,080 ሲባዛ 11,814.40 ዶላር። ብዙዎቹ አሠሪዎች በፈቃዳቸው አልከፈሉም፤ ጠበቆች ሠራተኞቹን በጋራ ወክለው ከስሰው ነው በስምምነት የተከፈለው። ያን ጊዜ የቼክ ጉርዳቸውን ያስቀመጡ ሰዎች ሰዓታቸውን በቀላሉ አስረዱ፤ የጣሉት ግን በኩባንያው መዝገብ ላይ ተመኩ።

የታየው ውጤት፣ የቀረውም ጉድለት

ሆቴሎች ይዘጋሉ፣ ሠራተኛ ይባረራል የተባለው በተፈራው መጠን አልደረሰም። አንድ የመኪና ማቆሚያ ድርጅት ደረሰኙ ላይ በቀን ከአንድ ዶላር የማይበልጥ ጭማሪ ጻፈ፤ መንገደኛው ከፍሎ ሄደ። በጁን 2014 የሲያትል ምክር ቤት በደረጃ 15 የሚደርስ ሕግ አጸደቀ፤ በ2016 የስቴቱ መራጮች ወለሉን ከፍ አደረጉ። የሲታክ ወለልም ዓመት ዓመት እየጨመረ በ2025 ከ20 ዶላር አለፈ።

የሁለት ሳምንቱ ቼክ ከ735.20 ወደ 1,200 ከፍ ማለቱ ለብዙ ቤት ሁለተኛውን ሥራ መተው ማለት ነው። ልጅ አባቱን በማታ ማየት ማለት ነው። ግን ጭማሪው ሙሉ በሙሉ ኪስ አይገባም፣ ይህን አስቀድሞ ያልነገሩት ሰው ይደናገጣል። ሁለት ልጅ የምታሳድግ ብቸኛ እናት ብትሆን፣ ዓመታዊ ገቢዋ ከ19,115 ወደ 31,200 ሲያድግ ታክስ ስትሞላ የምታገኘው የሥራ ገቢ ድጋፍ በእያንዳንዱ ዶላር 21 ሳንቲም ገደማ ይቀንሳል፤ በድምሩ ከ2,500 ዶላር በላይ። ፉድ ስታምፕ (ለምግብ መግዣ የሚሰጥ የመንግሥት ድጋፍ) ካላት በዶላር ከ24 እስከ 36 ሳንቲም ይወርዳል። የቤት ቫውቸር (ከኪራይ ከፊሉን መንግሥት የሚከፍልበት) ካላት ኪራይዋ ከተጨማሪው ገቢ ወደ 30 በመቶ ያድጋል። ሁሉም በአንድ ላይ ከተደራረበ ከጭማሪው የሚተርፈው ትንሽ ይሆናል። ስለዚህ ጭማሪው በተጀመረበት ወር ለቤቶች ቢሮና ለፉድ ስታምፕ ቢሮ ማሳወቅ ይሻላል፤ ያልተነገረ ገቢ ከወራት በኋላ ዕዳ ሆኖ ይመጣል።

አንዳንድ አሠሪዎችም ጭማሪውን በሌላ በኩል መልሰው ወሰዱት፦ ነፃ ምሳ ቀረ፣ የሠራተኛ መኪና ማቆሚያ በክፍያ ሆነ፣ ዓመት ፈቃድ ተቆረጠ። ሕጉ እነዚህን አይጠብቅም።

ትልቁ ቀዳዳ ግን ማስፈጸሙ ላይ ነው። ሲያትል በ2015 የሠራተኛ ደረጃዎች ቢሮ አቋቋመች፤ አቤቱታ ተቀብሎ ይመረምራል። ሲታክ እንዲህ ያለ ቢሮ አልነበራትም፤ መብቱ የተነካ ሠራተኛ መንገዱ ፍርድ ቤት ነው። ጊዜውም ሦስት ዓመት ነው፤ ከዚያ ያለፈው ሰዓት ይቀልጣል። በዋሽንግተን ሕግ አሠሪ ሆን ብሎ ደመወዝ ከያዘ እጥፉንና የጠበቃ ወጪውን ይከፍላል፤ ሠራተኛው አውቆ ተስማምቶ ከሆነ ግን እጥፉ ይቀራል። «ለጊዜው በዚህ ሥራ፣ በኋላ እናስተካክላለን» የተባለ ሰው ዝም ከማለት አልቀበልም ብሎ በጽሑፍ መላክ ያለበት ለዚህ ነው፤ የስልክ መልእክትም ይበቃል።

ቼኩ ላይ የሚታዩት ነገሮች እነዚህ ናቸው። የሰዓት ዋጋው የዚያን ዓመት ወለል ያህል ነው ወይ? ጭማሪው ጃንዋሪ 1 እንጂ የመጀመሪያው ሙሉ የክፍያ ዙር ላይ አይጀምርም፤ ዲሴምበርና ጃንዋሪን በሚያቋርጠው ቼክ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል። ጉርሻ ከደመወዙ ጋር ተደምሮ ወለሉን እንዲሞላ ከተደረገ ሕገወጥ ነው፤ ዋሽንግተን ውስጥ ጉርሻ ሁልጊዜ ከደመወዝ በላይ ነው። በሁለት ስም የተከፈሉ ሰዓቶች፣ ለምሳሌ አንዱ ተቋራጭ በሁለት ኩባንያ ስም ቼክ ሲጽፍ፣ ኦቨርታይምን ይደብቃሉ፤ ከ40 በላይ ያለው ሰዓት በአንድ ተኩል መከፈል አለበት። ዲሴምበር መጨረሻ ላይ ያልተወሰደው የሕመም ፈቃድ በገንዘብ መግባቱን ማየትም አይረሳ።

ከኤርፖርቱ ፊት ለፊት ተሰልፈው ተሳፋሪ የሚጠብቁት የታክሲ ሾፌሮች፣ ከእነሱ መሀል ብዙዎቹ የእኛው ሰዎች ናቸው፣ ከዚህ ሁሉ ውጪ ናቸው። በሕግ ተቀጣሪ ሳይሆኑ የራሳቸው አሠሪ ስለሆኑ 15 ዶላሩም፣ የሕመም ፈቃዱም፣ 90 ቀኑም አይመለከታቸውም። ሦስት ሰዓት ተሰልፎ የ20 ዶላር ጉዞ የደረሰው ሾፌር የሰዓት ገቢው፣ ነዳጁና ኢንሹራንሱ ሳይቀነስ፣ ከ7 ዶላር በታች ነው።